ያልመጣው ኢንተራፕት፦ በዜድኦኤስ ላይ የኤምአይኤች መልእክቶችን መከታተልና መንስኤያቸውን መለየት

በአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በዜድኦኤስ፣ ኮንሶል ላይ «አይኦኤስ071አይ» የሚል መልእክት ብቅ ሲል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ዲስክ ተበላሸ የሚል ነው። መልእክቱ ግን ስለ ብልሽት የሚለው ነገር የለም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ለአንድ መሣሪያ የተላከ የግብዓትና ውፅዓት ጥያቄ፣ በባለሙያዎች አጠራር የአይኦ ጥያቄ፣ መጠናቀቁን የሚያሳውቀው ኢንተራፕት በተመደበለት የጊዜ ገደብ ውስጥ አልመጣም። መሣሪያው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሌላ ሲስተም ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ኬብሉ፣ ስዊቹ ወይም ኮንትሮል ዩኒቱ ችግር ገጥሞት ሊሆን ይችላል፤ ገደቡ ራሱ ከመጠን በላይ አጥሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን መምራት ያለበት ጥያቄ ማን ማንን እየጠበቀ ነው የሚለው ነው፤ ለዚህ መልስ ሳይገኝ መሣሪያውን ከአገልግሎት ማውጣትም ሆነ ገደቡን ማስረዘም ጥቅሙ ትንሽ፣ አደጋው ግን ብዙ ነው።

ይህ መመሪያ የአይቢኤም ዜድኦኤስን ለሚያስተዳድሩ የሲስተም ፕሮግራመሮችና ኮንሶል ለሚከታተሉ ኦፕሬተሮች የተዘጋጀ ነው። ትእዛዞቹና የመልእክት ቁጥሮቹ እዚህ የተጻፉት እንደ አነባበባቸው በመሆኑ፣ ኮንሶል ላይ ሲተየቡ በላቲን ፊደልና በተለመደው የላቲን ኮማ መሆን አለባቸው። የመሣሪያና የቻነል ቁጥሮቹ፣ የጆብና የሲስተም ስሞቹም ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው።

ጥያቄው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

የሜይንፍሬም ፕሮሰሰር ዲስኩ ወይም ቴፑ ሥራውን እስኪጨርስ ቆሞ አይጠብቅም። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቶ ሲጠራ እንደሚመለስ ባለጉዳይ፣ ጥያቄውን የአይኦ ሥራን ለሚመራው የሃርድዌር ክፍል፣ ለቻነል ሰብሲስተሙ፣ አስረክቦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ርክክቡ የሚፈጸመው «ስታርት ሰብቻነል» በሚባለው የማሽን ትእዛዝ ሲሆን፣ ይህን የሚያከናውነው የዜድኦኤስ ክፍል የአይኦ ሱፐርቫይዘሩ፣ በአጭሩ አይኦኤስ፣ ነው። አይኦኤስ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያውቀው ዩሲቢ በተባለው የመቆጣጠሪያ መዝገብ አማካይነት ነው፤ መሣሪያው ሥራ ላይ ከሆነም ተከታዮቹ ጥያቄዎች በዚሁ ዩሲቢ ላይ ይሰለፋሉ።

ከርክክቡ በኋላ ያለው ጉዞ ሁለት ደረጃ አለው። ቻነል ሰብሲስተሙ ነጻ ፓዝ (ወደ መሣሪያው የሚወስድ መስመር) መርጦ፣ መሣሪያው የመጀመሪያውን ትእዛዝ እስኪቀበል ድረስ ጥያቄው «ስታርት ፔንዲንግ» ይባላል። ትእዛዙን ከተቀበለ በኋላ መሣሪያው ሥራውን ይሠራል፤ ሲጨርስም ሁለት ምልክቶችን ይልካል። «ቻነል ኤንድ» የመረጃው ዝውውር ማለቁን ይነግራል፤ «ዲቫይስ ኤንድ» ደግሞ መሣሪያው ራሱ ነጻ መሆኑን። በዲስክ ላይ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይደርሳሉ። ቴፕ ግን ለምሳሌ ጥቅልሉን ወደ መጀመሪያው በሚመልስበት ጊዜ ቻነል ኤንድን ቀድሞ ልኮ ዲቫይስ ኤንድን ብዙ ቆይቶ ሊልክ ይችላል። የትኛው ምልክት እንደጎደለ ማወቅ ጥያቄው የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ነውና ይህን ልዩነት መያዝ በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ጥበቃውን የሚቆጣጠረው ሚሲንግ ኢንተራፕት ሃንድለር፣ በአጭሩ ኤምአይኤች፣ ነው። ገደቡን ያለፈ ጥያቄ ሲያገኝ መልእክት ያወጣል፣ በሎግሬክ (የሲስተሙ የስሕተት ማኅደር) ላይ መዝገብ ይጽፋል፣ እንደ ሁኔታውም ሰብቻነሉን አጽድቶ ጥያቄውን እንደገና ለማስነሣት ይሞክራል። ሙከራው ብዙ ጊዜ ስለሚሳካ አንድ ጊዜ ወጥቶ የቀረ መልእክት ተጠቃሚው ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የተሳካ ማገገም የባከነውን ጊዜ አይመልስም፤ የዳታቤዝ ሎግ የሚጻፍበት ዲስክ ለ15 ወይም ለ30 ሰከንድ ቢቆም፣ ከኋላው የሚፈጠረው የትራንዛክሽን ወረፋ ዲስኩ ከተለቀቀ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በዚህም ምክንያት «ራሱ ተስተካክሏል» ተብሎ የሚዘጋ የኤምአይኤች ጉዳይ በእኔ አስተያየት ያልተመረመረ ጉዳይ ነው።

መልእክቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ

ኮንሶሉ ላይ ይህ ወጣ እንበል፦

«አይኦኤስ071አይ 8200,**,ፔይሮል1, ስታርት ፔንዲንግ»

የመጀመሪያው ቁጥር መሣሪያውን ይለያል። ቀጥሎ የሚመጣው የቻነል ፓዙ ቁጥር ነው፤ በቦታው ሁለት ኮከቦች ከታዩ ሲስተሙ ሊጠቁመው የሚችል የተወሰነ ፓዝ የለም ማለት ነው፤ ጥያቄው ገና ያልተጀመረ በመሆኑም በስታርት ፔንዲንግ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛው የጆቡ ስም ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ከሁሉም የተለመደ ነው፦ ስሙ የተጠቀሰው ጆብ አጥፊ ተደርጎ ይወሰድና በችኮላ ይሰረዛል። በመልእክቱ የተጠቀሰው ጆብ የሚጠብቀው ነው፤ መሣሪያውን የያዘው ሌላ ነው፤ ምናልባትም በሌላ ኤልፓር (ማሽኑ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች በአንዱ) ላይ ነው። ፔይሮል1ን መሰረዝ ወረፋውን በአንድ ሰው ያሳጥረው እንደሆነ እንጂ ችግሩን አይነካውም። መጨረሻ ላይ ያለው ሐረግ ደግሞ የሁኔታውን ዓይነት ይገልጻል፤ ምርመራው ወደየት እንደሚያመራ የሚወስነውም እሱ ነው።

ስታርት ፔንዲንግ ሲሆን ዓይን መጀመሪያ መዞር ያለበት ወደ ሌሎቹ ሲስተሞች ነው። ዲስክ የሚጋሩ ሲስተሞች አንድን ቮልዩም (አንድ ዲስክ) ለብቻቸው ለመያዝ በሃርድዌር ደረጃ ሪዘርቭ ያደርጋሉ፤ ሪዘርቩ እስኪለቀቅም የሌሎቹ ጥያቄዎች በር ላይ ይቆማሉ። መሣሪያው ይህን መናገር የሚችል ከሆነ ከ«አይኦኤስ071አይ» ተከትሎ «አይኦኤስ431አይ» ይወጣና መሣሪያው ለማን እንደተያዘ፣ የሲስተሙን ስም ወይም የፕሮሰሰሩንና የኤልፓሩን መለያ በመጥቀስ፣ ያሳውቃል። ያን ጊዜ ያዡን ሲስተም ማወቅ የግማሹ ሥራ መጠናቀቅ ነው። የቀረው በዚያ ሲስተም ውስጥ የትኛው ጆብ እንደያዘው መለየት ሲሆን፣ ለዚህ «ዲ ጂአርኤስ፣ዴቭ=8200» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ (ጂአርኤስ ሲስተሞች የሚጋሩትን ሀብት የሚቆጣጠረው የዜድኦኤስ ክፍል ነው)፤ ሪዘርቩን የያዘውንና የሚጠብቀውን ያሳያል። በአጠቃላይ በሲስፕሌክሱ (በአንድነት በሚሠሩት ሲስተሞች ስብስብ) ውስጥ ያለውን የሀብት ሽሚያ ለማየት ደግሞ «ዲ ጂአርኤስ፣ሲ» ይበቃል።

የያዘው ጆብ ታወቀ ማለት ወዲያው ይሰረዛል ማለት አይደለም። የቮልዩሙን ቪቶክ (የይዘት ማውጫ) የሚያስተካክል ሥራ፣ ለምሳሌ በዲኤፍኤስኤምኤስዲኤስኤስ ፕሮግራም የሚካሄድ ዲፍራግ (የተበታተነ ቦታን የማሰባሰብ ሥራ)፣ ሪዘርቩን ረዘም ላለ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ መሃል ላይ ከመቁረጥ እስኪጨርስ መጠበቁ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ያዡ ሲስተም ራሱ ከቆመ፣ ለምሳሌ ወደ ዌይት ስቴት ከገባ፣ ነገሩ ይለያል። ሪዘርቩ የሚለቀቀው ያ ኤልፓር ሲስተም ሪሴት ሲደረግ ነው፤ ነገር ግን ሪሴቱ ከመሰጠቱ በፊት ሲስተሙ በእርግጥ መሞቱን፣ ጽፎ ያልጨረሰው ነገር ይዞ ተመልሶ እንደማይነሣም ማረጋገጥ ግድ ነው። በሕይወት ያለን ሲስተም ሪዘርቭ መንጠቅ ቪቶክን ወይም ካታሎግን ሊያበላሽ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጉዳት ደግሞ ከ30 ሰከንድ ጥበቃ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በአንድ ቮልዩም ላይ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደጋገም ስታርት ፔንዲንግ ካለ ዘላቂው መፍትሔ በኤምአይኤች ውስጥ አይገኝም። የሥራ መርሐ ግብሩን ማለያየት አንዱ መንገድ ነው። ሌላውና የተሻለው፣ ሪዘርቩን የሚያወጣው ሀብት በጂአርኤስአርኤንኤል (በጂአርኤስ የሀብት ስሞች አባል) የኮንቨርዥን ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሪዘርቩ በሲስፕሌክሱ ወደሚታወቅ ኤንኪው (የሶፍትዌር ቁልፍ) እንዲቀየር ማድረግ ነው። ይህ የሚሠራው ቮልዩሙን የሚጋሩት ሲስተሞች በሙሉ በአንድ የጂአርኤስ ኮምፕሌክስ ውስጥ ካሉ ብቻ ነው፤ ከኮምፕሌክሱ ውጪ የሆነ አንድ ሲስተም እንኳ ያን ዲስክ የሚነካ ከሆነ ሪዘርቩ እንዳለ መቆየት አለበት።

«አይኦኤስ431አይ» ሳይከተል የመጣ ስታርት ፔንዲንግ ግን ሪዘርቭ ላይሆን ይችላል። ኮንትሮል ዩኒቱ ሥራ በዝቶበት ወይም የውስጥ ማገገም ላይ ሆኖ «ቢዚ» እያለ ሊሆን ይችላልና፣ ምርመራው ወደታች ወደ ተገለጸው የፓዝና የኮንትሮል ዩኒት ማጣራት ያመራል።

ሁኔታው «ሚሲንግ ቻነል ኤንድ ዲቫይስ ኤንድ» ከሆነ፣ ማለትም ሁለቱም ምልክቶች ካልመጡ፣ መሣሪያው ሥራውን ጀምሮ አልጨረሰም ወይም ጨርሶ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሌላ ሲስተም ተጠያቂ የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው፤ የፋይኮን ሊንኩ (የፋይበር መስመሩ)፣ ስዊቹ፣ የኮንትሮል ዩኒቱ አዳፕተር ወይም ኮንትሮል ዩኒቱ ራሱ ይጠረጠራል። ዲቫይስ ኤንድ ብቻ ሲጎድል ደግሞ ከሁሉ በፊት መሣሪያው በተፈጥሮው ረጅም ጊዜ የሚወስድ ትእዛዝ ላይ መሆን አለመሆኑ ይታይ፤ በቴፕ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሆናል።

«አይድል ዊዝ ወርክ ኪውድ» የተባለው ሁኔታ ከእነዚህ ይለያል። በዩሲቢው ላይ የተሰለፈ ሥራ አለ፣ መሣሪያው ግን ምንም እየሠራ አይደለም፤ ወረፋውን የሚያንቀሳቅስ አልተገኘም ማለት ነው። ኤምአይኤች ወረፋውን እንደገና ያስነሣዋል፤ ከተደጋገመ ግን ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌሩ ማዘንበል ስላለበት የኮንሶል ደምፕ (የማስታወሻ ይዘት ቅጂ) አንሥቶ ለዚያ የሚስማማ የአይቢኤም ጥገና መኖሩን መፈለግ ይገባል።

የቴፕ መጫን ጥበቃን የሚመለከተው «አይኦኤስ070ኢ» ቀላሉ ነው። ኦፕሬተሩ ቴፑን አልጫነም፣ ወይም የአውቶማቲክ ላይብረሪው ሮቦት ቆሟል፣ ወይም ቨርቹዋል ቴፕ ከሆነ መረጃው ከሌላ ማከማቻ እየተመለሰ ነው። «ዲ አር፣ኤል» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ መኖሩን ማየት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

«አይኦኤስ076ኢ» እና «አይኦኤስ077ኢ» ግን በቸልታ መታለፍ የለባቸውም። እነዚህ ሲስተሙ ያልተመለሰውን ጥያቄ ለማጽዳት ወይም ለማቆም የሰጠው ትእዛዝ ራሱ መልስ እንዳጣ ያስታውቃሉ። የማገገሚያው እርምጃ ሲጠፋ ነገሩ ከአንድ የዘገየ ጥያቄ አልፏልና የሃርድዌር ባለሙያ መጠራት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የጊዜ ገደቡ ከየት እንደመጣ ማጣራት

መልእክቱ የወጣው ስንት ሰከንድ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ሳያውቁ ስለ መልእክቱ መፍረድ አይቻልም። «ዲ አይኦኤስ፣ኤምአይኤች፣ዴቭ=8200» ለዚያ መሣሪያ በሥራ ላይ ያለውን ገደብ ያሳያል። በሁሉም ሲስተሞች ላይ አንድ መሆኑን ለማየት ከፊቱ «አርኦ *ኦል፣» ይጨመርበታል፤ አንድን ዲስክ የሚጋሩ ሲስተሞች በተለያየ ገደብ ሲሠሩ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ መልእክቱ ከአንደኛው ሲስተም ብቻ ለምን እንደሚወጣ ለሚጠይቅም መልሱ አንዳንዴ ይኸው ይሆናል።

ከአይቢኤም የሚመጣው መነሻ ዋጋ ለዲስክ 15 ሰከንድ፣ ለቴፕ መጫን 3 ደቂቃ፣ ለብዙዎቹ ሌሎች መሣሪያዎች ደግሞ 3 ደቂቃ ነው። እነዚህን የሚቀይረው በፓርምሊብ (የሲስተሙ ቅንብሮች ማኅደር) ውስጥ ያለው የአይኢሲአይኦኤስ አባል ሲሆን፣ የትኛው አባል እንደሚነበብ በአይኢኤሲስ ውስጥ «አይኦኤስ=» በሚለው ይወሰናል። በአባሉ ውስጥ «ኤምአይኤች ታይም=00:30፣ዴቭ=(8200-82ኤፍኤፍ)» እንደሚለው ያለ መስመር ለተወሰኑ መሣሪያዎች፣ የክፍሉን ስም የሚጠቅስ መስመር ደግሞ ለመላው ክፍል ገደብ ይሰጣል። ሲስተሙ እየሠራ ለመቀየር «ሴትአይኦኤስ ኤምአይኤች፣ዴቭ=8200፣ታይም=00:30» ይባላል፤ ይህ ግን እስከሚቀጥለው አይፒኤል (ሲስተሙን እንደገና ማስነሣት) ድረስ ብቻ ስለሚቆይ፣ ለውጡ ዘላቂ እንዲሆን ከተፈለገ በአባሉም ውስጥ መጻፍ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ረቂቅ ነገር ይህ ነው። ዘመናዊ ኮንትሮል ዩኒቶች ሲስተሙ ሲነሣ ወይም መሣሪያው ኦንላይን ሲደረግ ስለ ራሳቸው በሚሰጡት መረጃ ውስጥ የሚስማማቸውን ገደብ ጭምር ያሳውቃሉ፤ አይኦኤስም ይቀበለዋል። ለአብዛኞቹ ትእዛዞች የሚያገለግል ዋና ገደብና ለረጃጅም ሥራዎች የሚያገለግል ሁለተኛ ገደብ ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ በአይቢኤም ዲኤስ8000 ዲስኮች ላይ የሚመከረው 30 ሰከንድ ነው። አስተዳዳሪው በፓርምሊብ ውስጥ ከክፍሉ መነሻ ዋጋ የተለየ ገደብ ከጻፈ የእሱ ገደብ የመሣሪያውን ይሽራል። ከመነሻው ዋጋ ጋር እኩል የሆነ ገደብ ከጻፈ ግን እንዳልጻፈ ይቆጠራል፤ የመሣሪያው ገደብ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ለዲስክ 00:15 ብሎ የጻፈ ሰው በማሳያው ላይ 00:30 ቢያይ ሊገረም አይገባም፤ 00:20 ብሎ የጻፈ ደግሞ ኮንትሮል ዩኒቱ ከሚፈልገው በታች ዝቅ አድርጎታልና፣ ኮንትሮል ዩኒቱ በራሱ ለማገገም በሚሞክርበት ቅጽበት ሲስተሙ ጣልቃ እየገባ ተጨማሪ ግርግር ይፈጥራል። በቂ ምክንያት ከሌለ በዲስክ ረገድ የመሣሪያውን ዋጋ መቀበል የተሻለ ይመስለኛል።

በቴፕ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ወደ ሩቅ ቦታ መፈለግና መደምሰስ ደቂቃዎች ሊወስዱ ስለሚችሉ አጭር ገደብ የሐሰት ማንቂያ ያበዛል፤ ለቲኤስ7700 ቨርቹዋል ቴፕ 45 ደቂቃ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሌላ መሣሪያ ዓይነት ጊዜ የተወረሰ፣ ማንም ያልከለሰው የፓርምሊብ መስመር ያለበት ማዕከል ብዙ ነውና፣ መሣሪያ በተቀየረ ቁጥር አባሉ ከአምራቹ ምክር ጋር ይመሳከር።

00:00 ብሎ መጻፍ ክትትሉን ያጠፋዋል። መልእክቱ ሲደጋገም ሰው የሚፈተነው በዚህ ነው። ክትትል የሌለው መሣሪያ ላይ ኢንተራፕት ቢጠፋ ጥያቄው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፤ የሚታወቀውም ጆቡ ለምን አላለቀም ብሎ ሰው ሲጠይቅ ነው። ዜድኦኤስ በዜድቪኤም (ሌሎች ሲስተሞችን በሥሩ በሚያስኬደው የአይቢኤም ሲስተም) ሥር እንግዳ ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዜድቪኤም «ኤምአይታይም» በሚባል የራሱ ገደብ መሣሪያዎችን ስለሚከታተል፣ ሁለቱም ደረጃዎች በአንድ ላይ መታየት አለባቸው።

መልእክቶቹን በቡድን ማየት

አንድ መልእክት ብዙ አይናገርም፤ መልእክቶቹ በምን እንደሚመሳሰሉ ማየት ግን ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። ከሲስሎግ (የሲስተሙ መልእክቶች መዝገብ) ላይ ከችግሩ ሰዓት በፊትና በኋላ ያሉትን የአይኦኤስ መልእክቶች ከሁሉም ሲስተሞች ያውጡና በሦስት ነገር ያስተያዩዋቸው፦ በመሣሪያ ቁጥር፣ በቻነል ፓዝ፣ በሲስተም።

አንድ መሣሪያ ብቻ በብዙ ሲስተሞች ላይ ከታየ ሪዘርቭ ወይም የዚያ ቮልዩም የራሱ ጉዳይ ነው። የተለያዩ መሣሪያዎች ሆነው ሁሉም አንድ የቻነል ፓዝ ቁጥር፣ እንበልና 52፣ የያዙ ከሆነ ዓይን ወደ ቻነሉ፣ ወደ ኬብሉና ወደ ስዊቹ ፖርት ይዙር። ቻነሎቹ የተለያዩ ሆነው መሣሪያዎቹ በአንድ ሎጂካል ኮንትሮል ዩኒት ሥር ከተሰበሰቡ ጉዳዩ በዲስክ ማከማቻው ውስጥ ነው፤ በዚያው ሰዓት የማይክሮኮድ ለውጥ፣ የአንዱ ሰርቨር መቀየር ወይም የሪሞት ኮፒ መቆም እንደነበረ የማከማቻውን ኃላፊ ይጠይቁ። በሁሉም መሣሪያዎች፣ በሁሉም ቻነሎች፣ ግን በአንድ ኤልፓር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያ ኤልፓር ለጥቂት ጊዜ ፕሮሰሰር አጥቶ ወይም ቆሞ እንደነበረ ይጣራ፤ ሰዓቱ እየሄደ ሲስተሙ ኢንተራፕት መቀበል ያልቻለበት ጊዜ ከነበረ ሲነቃ ገደቡ ያለፈ የሚመስሉ ጥያቄዎች ሊያገኝ ይችላል።

ቻነሉ ከተጠረጠረ «ዲኤስ ፒ፣8200» እያንዳንዱ ፓዝ መሥራት አለመሥራቱን ያሳያል፤ «ዲ ኤም=ዴቭ(8200)» ደግሞ መሣሪያው ላይ የሚደርሱትን ፓዞች ከነሁኔታቸው ይዘረዝራል። ሌሎች ጤነኛ ፓዞች መኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ፣ የታመመውን ፓዝ ለአንድ መሣሪያ «ቪ ፓዝ(8200፣52)፣ኦፍላይን» በማለት፣ ቻነሉን በጠቅላላ ከሆነ «ሲኤፍ ሲኤችፒ(52)፣ኦፍላይን» በማለት ማውጣት ይቻላል። ይህ እርምጃ ለምርመራም ይረዳል፤ ፓዙ ሲወጣ መልእክቱ ከቆመ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚህ በተቃራኒ «ቪ 8200፣ኦፍላይን፣ፎርስ» መሣሪያውን ቦክስ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በመሣሪያው ላይ ያለው ሥራ ሁሉ በስሕተት ይቋረጣል፣ ተከታዩ ጥያቄም ሁሉ ይወድቃል። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ የሲስተም ፕሮግራመር ፈቃድ ሳይኖር እንዳይሰጥ በኦፕሬተር የፈረቃ መመሪያ ውስጥ ቢደነገግ መልካም ነው።

ማስረጃ ከመጥፋቱ በፊት

ኮንሶል ላይ የወጣው መልእክት የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። ኤምአይኤች ለእያንዳንዱ ክስተት በሎግሬክ ላይ የራሱን ዓይነት መዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም በ«ሲስ1.ሎግሬክ» ዳታሴት ወይም በሎግ ስትሪም ላይ ይቀመጣል። «አይኤፍሲኢሬፕ1» የተባለውን ፕሮግራም በማስኬድ፣ ለዚህ ዓይነት መዝገብ «ታይፕ=ኤች» ብሎ በመምረጥ ሪፖርት ማውጣት ይቻላል። ሎግሬክ ሲሞላ አዲስ መዝገብ ስለማይቀበል ዳታሴቱን በየቀኑ ወደ ታሪክ ፋይል መገልበጥ የተለመደ አሠራር ነው። ሪፖርቱን ሲያነቡ ከኤምአይኤች መዝገቡ ቀድመው የተጻፉ የቻነል ስሕተት መዝገቦች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መነሻ እዚያ ነው፤ የጠፋው ኢንተራፕት ተከትሎ የመጣ ነው።

ነገሩ ከመከሰቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው የአፈጻጸም መለኪያው አርኤምኤፍ ነው። በኤስኤምኤፍ 74 መዝገብ ላይ የተመሠረተው የመሣሪያ እንቅስቃሴ ሪፖርት የምላሽ ጊዜውን በአይኦኤስኪው (በዩሲቢ ላይ የመሰለፍ)፣ በፔንድ (መሣሪያው እስኪቀበል የመጠበቅ)፣ በዲስኮኔክት (ከቻነሉ ተለያይቶ የመቆየት) እና በኮኔክት (የመረጃ ዝውውር) ጊዜ ከፋፍሎ ያስቀምጣል። የፔንድ ጊዜ ከቀን ወደ ቀን እያደገ ከሆነ ስታርት ፔንዲንግ ገና ሳይወጣ መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ አብሮት የመሣሪያ ቢዚ መዘግየት ካደገ የዲስክ መጋራት፣ የሲኤምአር (የመጀመሪያው ትእዛዝ ምላሽ) መዘግየት ካደገ የኮንትሮል ዩኒቱና የፋይኮን መስመሩ ነገር ይጠረጠራል። የኋለኛውን የአይቢኤም ሄልዝ ቼከር «አይኦኤስ_ሲኤምአርታይም_ሞኒተር» በተባለው ምርመራ በራሱ ይከታተላል፤ በአንድ ኮንትሮል ዩኒት ፓዞች መካከል የምላሽ ጊዜው ሲራራቅ ያስጠነቅቃልና፣ ጠፍቶ ከሆነ ቢከፈት ጥሩ ነው።

የመልእክት አውቶሜሽን ያላቸው ማዕከላት «አይኦኤስ071አይ»ን ከኮንሶል እንዲሰወር ማድረጋቸው በጭራሽ አልወደውም። ይልቅስ አውቶሜሽኑ በመሣሪያና በቻነል እየቆጠረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲደጋገም ማንቂያ ያውጣ፤ መልእክቱ በወጣበት ቅጽበትም «ዲ ጂአርኤስ፣ዴቭ» እና «ዲኤስ ፒ» የተባሉትን ትእዛዞች ለዚያ መሣሪያ በራሱ ይስጥ። ሪዘርቭ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚለቀቅ ሰው ትእዛዙን እስኪተይብ ማስረጃው አልፎ ይሄዳል።

ችግሩ ሲደጋገምና መንስኤው ሳይታወቅ ሲቀር ወደ ከባዱ መሣሪያ ይኬዳል። የሲስተሙን ክስተቶች የሚመዘግበው ጂቲኤፍ የስታርት ሰብቻነል ትእዛዞችንና ኢንተራፕቶችን ለተመረጡ መሣሪያዎች ብቻ እንዲመዘግብ ተደርጎ ሲከፈት ጥያቄው መውጣቱንና መልሱ መምጣት አለመምጣቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ሁሉንም መሣሪያ መመዝገብ ግን ሲስተሙን ስለሚያከብደው አይመከርም። ደምፕ ከተነሣ በደምፕ መመርመሪያው በአይፒሲኤስ ውስጥ «አይኦኤስቼክ አክትቪዩሲቢኤስ» ብሎ በዚያ ቅጽበት ሥራ ላይ የነበሩትን ዩሲቢዎች ማየት ይቻላል።

ስለ አይኦታይሚንግ ጥቂት

ኤምአይኤች ጥያቄውን ለማስነሣት ይሞክራል እንጂ ለዘላለም ቢጠብቅ አይገድለውም። የተወሰነ ጊዜ ያለፈው ጥያቄ ተቋርጦ በስሕተት እንዲመለስ ከተፈለገ በዚሁ የፓርምሊብ አባል ውስጥ «አይኦታይሚንግ» የተባለው ገደብ አለ፤ ካልተጻፈ አይሠራም። ሲሠራም «አይኦኤስ078አይ» ያወጣል። ሃይፐርስዋፕ ያላቸው ማዕከላት ይህ ገደብ ሲያልፍ ሥራው ወደ ሁለተኛው የዲስክ ቅጂ እንዲዛወር «አይኦቲኤችስዋፕ» በሚባለው ምርጫ ሊያዙት ይችላሉ፤ ለእነሱ እውነተኛ ጥቅም አለው። ሪዘርቭ በሚበዛበት፣ ሁለተኛ ቅጂ በሌለው ማዕከል ግን ጤነኛ ዲስክ ለጥቂት ጊዜ በሌላ ሲስተም ስለተያዘ ብቻ ጥያቄው ወድቆ ጆቡ ሊሞት ይችላል። ስለሆነም ይህን ከማብራት በፊት የሪዘርቭ ጊዜዎች መለካት አለባቸው፤ ገደቡም ከኤምአይኤቹ በግልጽ የረዘመ ይሁን።

ጉዳዩ ወደ ሃርድዌር አምራቹ የሚሄድ ከሆነ አብረው ሊላኩ የሚገባቸው የሁሉም ሲስተሞች ሲስሎግ፣ የኤምአይኤችና የቻነል መዝገቦችን የያዘው የሎግሬክ ሪፖርት፣ በችግሩ ጊዜ የተወሰዱት የማሳያ ትእዛዞች ውጤትና የአይኢሲአይኦኤስ አባሉ ቅጂ ናቸው። የዲስክ ማከማቻውን ስቴትሴቭ (የውስጥ ሁኔታው ቅጂ) በተመለከተ መዘግየት አይገባም፤ በኮንትሮል ዩኒቱ ውስጥ ያለው መረጃ በቀጣዩ ሥራ ስለሚተካ፣ ለአምራቹ የድጋፍ ጥያቄው እንደተከፈተ በዚያው ሰዓት እንዲወሰድ መጠየቅ አለበት።